ቀይ ክር ያለበት ካርድ

ይሄን የምጽፈው እናንተን ለማስፈራራት አይደለም። ንዴቴ አልበርድ ቢለኝ ነው።

እውነት ነው። ሰው ነገረኝ፣ ከሆነ ቦታ ሰማሁ አልልም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። በጨለማ አይደለም፣ መቃብር ቦታ አይደለም... በጠራራ ፀሐይ፣ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሥራ ቦታዬ ተቀምጬ።

ከሥር ገብታችሁ «ፈጠራ ነው» ልትሉ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ውጡልኝ። እናንተን የማሳምንበት ትዕግሥት የለኝም።

የምሠራው ሆስፒታል ነው። ዶክተር አይደለሁም። ነርስም አይደለሁም። ካርድ ክፍል ነኝ።

አዎ፣ ያቺ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና «ስም? የአባት? የአያት?» እያለች የምታመናጭቃችሁ ሴትዮ እኔ ነኝ። መስኮት ሦስት ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ስትሰድቡኝም እሰማለሁ፤ መስታወቱ ያን ያህል ወፍራም አይደለም።

ሥራውን ያስተማሩኝ የድሮው ኃላፊያችን ናቸው። ጋሽ ማህደር ነበር የምንላቸው፣ የስንቱን ሰው ካርድ በቃላቸው ስለሚያውቁት። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይነግሩታል።

«ሞክሼ ሞልቷል። ስም ሰማሁ ብለህ ካርድ እንዳትሰጥ። የእናት ስም ጠይቅ።»

ሁለት በሽተኞች በስም፣ በአባት፣ በአያት፣ በልደት ዘመን ከገጠሙ ጋሽ ማህደር የሁለቱንም ቢጫ ካርድ ያወጡና ጥግ ጥጉን በስተው ቀይ ክር ያስሩበታል። ቀይ ክር ያየ ሠራተኛ «የእናትሽ ስም ማነው?» ሳይል ካርዱን ከመደርደሪያ አያወርድም።

በቃ፣ ይሄው ነው። አርባ ሰባት ጥንድ ባለ ክር ካርድ ነበረን። እሳቸው እያሉ አንድም ቀን ሰው በሰው ቀይረን አናውቅም።

ከዚያ ጋሽ ማህደር ጡረታ ወጡ። እሱ መጣ።

ማዕረጉ የጤና ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር ነው። እኛ «ታብሌት» እንለዋለን፣ ያቺን ታብሌቱን ሽንት ቤት እንኳ ይዟት ስለሚገባ። በመጣ በወሩ ቢጫ ካርዶቻችን በካርቶን ታሽገው ምድር ቤት ወረዱ፣ በር ተቆለፈባቸው። ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። በፈንታቸው ኮምፒውተር ተተከለ።

የመጀመሪያ ቀን ሳየው የጎደለው ነገር ታየኝ።

«የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም እኮ» አልኩት።

«አውጥቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሠላሳ ሰከንድ ይፈጃል። በቀን ስምንት መቶ በሽተኛ አለ። አስቢው እስኪ።»

«ሁለት ሞክሼዎች ሲመጡስ?»

«ሲመጡ እናያለን» አለኝ፣ ከታብሌቱ ቀና እንኳ ሳይል።

ሲመጡማ አየን።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ቢሮው አስጠራኝ። ረቡዕ ሲስተሙን የሚያዩ ትልልቅ እንግዶች አሉ አለኝ። ሲስተሙ ውስጥ ደግሞ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ድርብ ካርድ ተገኝቷል። ድርብ ማለት አንድ ሰው ሁለቴ የተመዘገበ የሚመስልበት ነው።

«እስከ ማክሰኞ ዜሮ እንዲሆን እፈልጋለሁ» አለ። «ስም፣ ፆታና የልደት ዘመን ከገጠመ አንድ ሰው ነው። "አዋህድ" የሚለውን ትጫኛለሽ። ሁለቱ ካርድ አንድ ይሆናል።»

«ባለ ክሮቹ እዚህ ውስጥ አሉ። እነሱ ሁለት ሁለት ሰው ናቸው። ምድር ቤት ወርጄ ከቢጫዎቹ ጋር ላመሳክር።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ።»

«ክር!» አለና ሳቀብኝ። «እኔ ቤቱን ሙሉ ላዘምን እዳክራለሁ፣ አንቺ ስለ ክር ታወሪኛለሽ። ካልቻልሽ ንገሪኝ። የሚችል ሰው አላጣም።»

ደሜ ፈላ።

እዚህ ላይ አልዋሻችሁም። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን እልህ ያዘኝ። «ጥፋቱ የራሱ! እኔ ምናገባኝ!» አልኩና ሰኞና ማክሰኞ ተቀመጥኩ። በየገጹ ሃምሳ ሃምሳ ስም ይመጣል።

«ሁሉንም ምረጥ»... «አዋህድ»።

«ሁሉንም ምረጥ»... «አዋህድ»።

አንድም ስም አላነበብኩም።

ውሸቴን ነው። አንድ ስም አንብቤያለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የታብሌት ስም ነበር። ሁለት ጊዜ። አንደኛው ራሱ ነው፣ ዐምና ጥርሱን ሲታከም ያወጣው ካርድ። ሁለተኛው ደግሞ ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ተኝቶ የነበረ፣ በስም የገጠመው ሌላ ሰው።

ጣቴን ይዤ ትንሽ አሰብኩ።

«አንተም ቅመሳት» አልኩና ተጫንኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ዜሮ የሚል ቁጥር መጣ። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ እራቴንም ጥግብ ብዬ በላሁ።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ።

አንድ እህት ነው ያለችኝ። በዘጠኝ ዓመት እበልጣታለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷትም ቤት ውስጥ «ትንሿ» ነው የምንላት። እሷ እኔን «እታለም» ትለኛለች። ስትስቅብኝም እታለም፣ ስትቆጣኝም እታለም። እናታችን ዐይኗ ከደከመ ወዲህ ሦስታችን አብረን ነው የምንኖረው። ትንሿ ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። ግራኝ ናት። ማንኪያ በግራዋ ስትይዝ እማዬ ስንት ጊዜ እጇን መትታታለች መሰላችሁ!

ያቺ እህቴ ያን ረቡዕ የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ ቀጠሮ ነበራት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዣት መጣሁ። ስሟና ቁጥሯ ያለበትን የእጅ አምባር በገዛ እጄ አትሜ፣ በገዛ እጄ ግራ እጇ ላይ አሰርኩላት። ስለጠበቃት ጫፉን በመቀስ ቆረጥ አድርጌ እንደገና አሰርኩት።

«እታለም፣ እንደ ገበያ ዶሮ አሰርሽኝ እኮ!»

«ዝም በይ። እንዳትጠፊብኝ ብዬ ነው።»

«አንቺን የመሰለ ዘበኛ እያለኝ ወዴት እጠፋለሁ?» አለችና ሳቀች። ሁልጊዜ ስትስቅ አፍንጫዋን ትይዛለች። እየሳቀች አሳንሰሩ ተዘጋባት።

ከዚያ ምሳ በላሁ። ተመልሼ መስኮቴን ከፈትኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆነ።

«ካርዴን ፈልጊልኝ» አለ አንድ ድምፅ። ሹክሹክታ ነው። የሴት።

እንደ ልማዴ ቀና ሳልል «ስም?» አልኩ።

ነገረችኝ።

«የአባት? የአያት?»

ነገረችኝ። ጣቶቼ ቆሙ። ሦስቱም የእህቴ ስም ነው።

«አይ አጋጣሚ!» ብዬ ሳቅ አልኩ። እሷ አልሳቀችም። የልደት ዘመኗን ጠየቅኳት። እሱም የእህቴ ነው።

በመስታወቱ ሥር አንድ ነገር ገፋ አድርጋ አስገባችልኝ።

ቢጫ ካርድ...

ቢጫ ካርድ ከተጠቀምን ሁለት ዓመት አልፎናል። ሁሉም ምድር ቤት ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉ ደግሞ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ካርዱ እርጥብ ነበር፤ የታፈነ ቤት ይሸታል። ጥጉ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ወይ እኔ!

ከስድስት ዓመት በፊት እህቴ መኪና ገጭቷት እዚሁ ተኝታ ነበር። ጋሽ ማህደር ጠርተውኝ፣ «እህትሽ ሞክሼ አላት። እሷም አሁን ተኝታለች። ተጠንቀቂ» ብለው ክሩን ዐይኔ እያየ አሰሩት። የሰው ክር ብረሳ አንድ ነገር ነው። የገዛ እህቴን ክር ረሳሁት! ማክሰኞ ወይ ሰኞ፣ ከሃምሳው ስም ጋር አብሬ ጠቅ አድርጌያታለሁ።

ኮምፒውተሩን አየሁ። አንድ ካርድ ብቻ። ቀዶ ጥገና ክፍል፣ ጠረጴዛ ሁለት። የደም ዓይነት... ኤ።

እህቴ ኦ ናት። ያኔ ደም የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ሁለታችንም ኦ ነን። ለኦ ሰው የኤ ደም ቢሰጡት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ይገድላል።

ቢጫውን ካርድ ገለጥኩ። የደም ዓይነት ኤ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የጋሽ ማህደር እጅ ጽሑፍ አለ።

«ዛሬ ጠዋት ዐረፈች። ካርዱ ይዘጋ።»

የተጻፈው ከስድስት ዓመት በፊት ነው።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ... ፊቷን እስከ ዐይኗ በሻርፕ ሸፍናለች። ዐይኖቿ ይታዩኛል። አይርገበገቡም።

«የእናትሽ... የእናትሽ ስም ማነው?» አልኩ። 

መዳፏን መስታወቱ ላይ ጫነች።

«አሁን ነው የምትጠይቂኝ?»

ስልኩን አንስቼ ወደ ቀዶ ጥገና ደወልኩ። አይነሳም። ዞር ስል ሴትዮዋ የለችም። ምርኩዝ የያዙ አንድ አዛውንት ተናደው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ተራዬ ከደረሰ ቆየ! ባዶ መስኮት ይዘሽ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ካርዱ ግን እጄ ላይ ነበር።

ሮጥኩ። አንደኛው ጫማዬ ደረጃው ላይ ቀረ፣ አልተመለስኩም። ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ታብሌት ከነእንግዶቹ ቆሟል። ከረባት አስሯል፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል። «ለምሳሌ የራሴን ካርድ ከፍቼ ላሳያችሁ» ሲል ደረስኩ። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ በጥርሱ መሃል። «ፈገግ በይ!»

«እህቴን ከሌላ ሰው ጋር አዋህጃታለሁ። ለያይልኝ።»

«አሁን?»

«ቀዶ ጥገና ላይ ናት። የደም ዓይነቷ ተሳስቷል። ያንተ ፓስዎርድ ብቻ ነው የሚለያየው። እባክህ!»

«አሁን ብለያይ ዜሮው ይበላሻል። ሰዎቹ እያዩ ነው።»

«ትሞታለች እኮ!»

«እንግዶቹ ሲሄዱ እናየዋለን። ወደ መስኮትሽ ተመለሽ።»

ልተፋበት ምንም አልቀረኝም። ዐይኑን ላፈር! ትቼው ወደ ደረጃው ስሮጥ ድንገት ኮሪደሩ ጭጭ አለ። ዞር ብዬ አየሁ። ታብሌት የራሱን ካርድ ከፍቷል። እንግዶቹ ይጠብቃሉ። እሱ ግን ዝም ብሎ ታብሌቱን ያያል... ማን እንደሰጠው፣ ለምን እንደያዘው ያላወቀ ሰው አስተያየት ነው።

የማይበት ጊዜ አልነበረኝም።

የቀዶ ጥገናው በር ላይ ነርሷን አገኘኋት። እጇ ላይ የደም ከረጢት ይዛለች።

«ሲስተር፣ ቁሚ! እሱ ደም የሷ አይደለም!»

«ቀስ በይ። ምን አልሽ?»

«እህቴ ኦ ናት። የያዝሽው ኤ ነው።»

«አምባሯን አየሁ፣ ሲስተሙንም አየሁ። ኤ ነው የሚለው። ደግሞ በጣም እየደማች ነው።»

«ሲስተሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ እያልኩሽ!»

ጮኼ ነበር መሰለኝ ሐኪሙ ከውስጥ ሰማኝ። «ከክንዷ ደም ቅዱና እንደገና መርምሩ» አለ። እግዜር ይስጠው፣ ሰው ነው።

ደቂቃው አልሄድ አለ። ግድግዳውን ተደግፌ በአንድ ጫማ ቆምኩ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ወረቀት ይዞ መጣ። 

«ኤ ነው» አለ።

«እንዴ! ከማን ነው የቀዳችሁት?»

«ከራሷ። ቆሜ አስቀዳሁ። ሁለቴ አየሁት።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ደንግጠሽ ነው። ሲስተሙ ልክ ነው።»

ከረጢቱ ገባ። የኤ ደም...

ልትሞት ይገባ ነበር። አልሞተችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃች። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ይዤ ነበር። ፊቷ የእህቴ ፊት ነው። ጸጉሯ የእህቴ ጸጉር ነው። ደስታዬ መጠን አጣ፤ አለቀስኩ።

«ትንሿ... እንዴት ነሽ?»

እጇን ከእጄ አወጣች።

«እርስዎ ማነዎት?» አለችኝ።

እርስዎ! ሲስተርዋ «ማደንዘዣው ነው፣ ይለቃታል» አለች። ልጅቷ ውኃ ጠየቀች። ብርጭቆውን ሰጠኋት። በቀኝ እጇ ተቀበለችኝ።

«ልጆቼ ውጭ ናቸው?» አለች። «ስንት ቀን ሆናቸው ሳይጠይቁኝ?»

ጎንበስ አልኩና በጆሮዋ ጠየቅኳት። ስንት ዓመት ሙሉ የጠየቅኩት ጥያቄ ነው፣ አፌ ላይ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

«የእናትሽ ስም ማነው?»

ነገረችኝ። ሳትጨነቅ፣ ወዲያው።

የእናታችን ስም አይደለም።

ቢጫውን ካርድ ከኪሴ አወጣሁ። «የእናት ስም» የሚለው ቦታ ላይ ጋሽ ማህደር የጻፉት፣ ልክ አሁን የሰማሁት ስም ነው።

ቅዳሜ ከሆስፒታል ወጣች። ምን ላድርግ? ፊቷ የእህቴ ነው፣ አምባሩ የእህቴ ስም ነው፣ ሐኪሙ «ውሰጂያት» አለኝ። ወሰድኳት።

እማዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እጇን ዘርግታ ፊቷን ዳሰሰቻት። ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ጆሮዋን... ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«ግቢ የኔ ልጅ፣ ቁጭ በይ። ቤትሽ ነው» አለቻት። ለእንግዳ እንደምትለው። ከዚያ ክንዴን ጠምዝዛ ወደ ጓዳ ሳበችኝ።

«ትንሿን የት ተውሻት?»

«እማዬ፣ እሷ እኮ...»

«አትዋሺኝ! ልጄን የት ተውሻት?»

 እሁድ ጠዋት ጋሽ ማህደርን ስልክ ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። በመጨረሻ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ክሩን ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ስልኩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ አያነሱልኝም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታብሌት ቢሮ ገባሁ። ካልለያየልኝ ልደበድበው ነበር ያሰብኩት፣ እውነቴን ነው። ግድግዳው ላይ «ዜሮ ስህተት» የሚል የምስጋና ወረቀት ተሰቅሏል። እሱ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ታብሌቷ ጠረጴዛው ላይ በፊቷ ተደፍታለች። አቧራ ይዟታል።

«ፓስዎርድህን አስገባና እህቴን ለያይልኝ» አልኩት።

«ምኔን?»

«ፓስዎርድህን!»

«ይቅርታ እህቴ፣ እሱን አላውቀውም» አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ የሰውዬው አይደለም። ወደ በሩ አየና ወደኔ ጠጋ አለ። «እዚህ ከተኛሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ መሰለኝ። ማንም መጥቶ አይጠይቀኝም። ሐኪሙን ታውቂዋለሽ? መቼ ነው የሚያስወጡኝ?»

ቀልቤ ተገፈፈ። የኋሊት እየሄድኩ ወጣሁ።

መስኮት ሦስት ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሌላ የምሄድበት የለኝማ። እየደነበርኩ ካርድ ሰጠሁ። ምሳ አልወጣሁም።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆነ።

«እታለም...»

ቀና አልኩ። ሻርፕ የለም። ፊቷን አየሁት። ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። የሆስፒታል ጋውን ለብሳለች፣ ባዶ እግሯን ናት። በግራ እጇ ቢጫ ካርድ ይዛለች፣ ጥጉ ላይ ቀይ ክር አለ። አንጓዋ ላይ አምባር ታስሯል። ጫፉ በመቀስ ተቆርጧል። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

«የእናትሽ ስም ማነው?» አልኳት። እንባዬ እየወረደ።

የእማዬን ስም ነገረችኝ። ሙሉ ስሟን፣ እኛ ብቻ የምናውቀውን የቤት ስሟንም ጨምራ።

«እታለም፣ አውጪኝ። እዚህ በጣም ይበርዳል።»

«እሺ የኔ እናት! እሺ! አሁኑኑ!»

ስሟን ጻፍኩ። «ይህ ሰው ተመዝግቧል» አለኝ። እንደገና ጻፍኩ። «ይህ ሰው ተመዝግቧል።» እጄን በመስታወቱ ሥር አሾልኬ ጣቷን ያዝኩ። ጣቴ ግን አላሞቃትም።

«ለያዪኝ እታለም።»

«እኔ አልችልም። የሚችለው እሱ ብቻ ነው...»

ወደ ኋላ ዞረች። እኔም አብሬ አየሁ።

ከኋላዋ ሰልፍ ነበር።

ሽማግሌ አለ፣ አራስ አለች፣ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ አለች። አይገፋፉም፣ አያጉረመርሙም። ሁሉም ቢጫ ካርድ ይዘዋል። ሁሉም ካርድ ላይ ቀይ ክር አለ። ሰልፉ ኮሪደሩን አልፎ በዋናው በር ወጥቶ ፀሐዩ ላይ ቆሟል። አንድ በአንድ አፋቸውን ይከፍታሉ... ሳልጠይቃቸው የእናቶቻቸውን ስም ይነግሩኛል።

መጨረሻ ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ቆሟል። ግራ እጁን ታብሌት እንደያዘ ሰው አጥፏታል። እጁ ላይ ግን ቢጫ ካርድ ብቻ ነው ያለው። እኔን ሲያየኝ ሰልፉን ጥሶ መጣ፣ ከእህቴ ጎን ቆመ፣ አፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈ።

የእናቱን ስም ነገረኝ። ደጋገመው። ጮኸ። ጻፊው፣ ጻፊው፣ ጻፊው አለኝ።

ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ናቸው። ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት።

የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም።